ከአሮጌ ልብስ የአንገት ማሞቂያ፣ መቀነት ወይስ ቦርሳ? ለሰሜን ሸዋ ደጋና ቆላ የሚሆን የምርጫ መመሪያ

በየቤታችን ሣጥን ሥር ተጣጥፈው የሚቀመጡ፣ ለመልበስ ያረጁ ለመጣል ግን የሚያሳሱ ልብሶች አይታጡም። ክርኑ የተበሳ ሹራብ፣ መሐሉ ሳስቶ ጥለቱ ብቻ ደምቆ የቀረ ነጠላ፣ ጉልበቱ የተቀደደ ጂንስ ሱሪ፣ ዘመኑ ያለፈበት ከረባት፣ አንገቱ የላላ ካናቴራ በብዛት የሚገኙት ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ አንገት ላይ የሚውል፣ ወገብ ላይ የሚታሰር፣ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ወይም እጅ ላይ የሚጠልቅ ነገር በገዛ እጁ መሥራት ለሚፈልግ ሰው፣ ከአሠራሩ አስቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ የትኛው ልብስ ለየትኛው ሥራ ይሆናል የሚለው ነው። ብዙ ሰው ሱቅ ወይም ስልክ ላይ ያየውን ጌጥ በልቡ ይዞ ወደ ሣጥኑ ይሄዳል። እኔ የምመክረው ግን ከጨርቁ መጀመርን ነው፤ እያንዳንዱ ጨርቅ በጠባዩ የሚችለውና የማይችለው ነገር አለውና።

በሰሜን ሸዋ ደግሞ ከጨርቁ ጋር እኩል የሚታሰብ ሌላ ጉዳይ አለ፤ እሱም የአየሩ ጠባይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ተነሥቶ የጣርማ በርን ዋሻ ያለፈና በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል የወረደ መንገደኛ፣ 100 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላው 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ በሚጥልበት የደጋ ማለዳ የማይለቀቅ የሱፍ አንገት ልብስ ሸዋ ሮቢት ላይ ሸክም ይሆናል፤ በቆላው የሚወደድ ስስ የጥጥ ራስ ማሰሪያም መንዝ ላይ ከጌጥነት አያልፍም። ስለዚህ ከዚህ በታች አንዱን አማራጭ ከሌላው ሳስበልጥ ለየትኛው አየር እንደሆነ አብሬ እጠቅሳለሁ።

ጨርቁን መለየት

ለዚህ ሥራ ጨርቅን በአሠራሩ ለሁለት መክፈል ይበቃል። አንደኛው ድርና ማግ ተጠላልፎ የተሸመነው ነው፤ ነጠላ፣ ጋቢ፣ ሸሚዝና ጂንስ ከዚህ ወገን ናቸው። የተሸመነ ጨርቅ ሲቆረጥ ከጠርዙ ክር እየተመዘዘ ይተረተራል፣ ሲሳብም ብዙ አይለጠጥም። ሁለተኛው ክሩ በቀለበት በቀለበት እየተያያዘ የተሠራው ሲሆን ሹራብና ካናቴራ እዚህ ውስጥ ይገባሉ፤ ይለጠጣል፣ ከሰውነት ጋር ይስማማል፣ ነገር ግን በተለይ ሹራብ ላይ አንድ ቀለበት ካመለጠ ፍታቱ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ከዚህ በመነሣት ቅርጹን ጠብቆ ክብደት መሸከም ያለበት ነገር፣ ማለትም ቦርሳና መቀነት፣ ከተሸመነ ጨርቅ ቢሠራ፣ አንገት፣ እጅና ራስ ላይ የሚጠልቀው ደግሞ ከሚለጠጠው ቢሠራ ይመረጣል። ከሹራብ የተሠራ ቦርሳ ዕቃ ሲገባበት እየተሳበ ወደ ጉልበት ይወርዳል፤ ከጂንስ የተሠራ የራስ ማሰሪያም ግንባር ላይ ይቆረቁራል።

ቀጥሎ የሚለየው የክሩ ዓይነት ነው። በልባሽ ጨርቅ ገበያ የሚገዛ ሹራብ መለያ ጽሑፉ ብዙ ጊዜ የደበዘዘ ወይም የተቆረጠ ስለሚሆን፣ ከውስጥ ስፌቱ አንዲት ክር ስቦ በብረት ሰሐን ላይ በክብሪት ማቃጠል ጥሩ ምልክት ይሰጣል። ሱፍ ከሆነ እየተኮማተረ ይቃጠላል፣ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲርቅለት ቶሎ ይጠፋል፤ የሚቀረው ጥቁር አመድም በጣት ሲነካ ይደቅቃል። ጥጥ ከሆነ ፈጥኖ ይነድዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ ለስላሳ ግራጫ አመድ ይተዋል። አክሪሊክ ወይም ፖሊስተር ከሆነ ግን ይቀልጣል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ሲቀዘቅዝም ጠንካራ ጠብታ ሆኖ ይቀራል። የቀለጠው ሳይቀዘቅዝ በጣት መነካት የለበትም።

የክሩን ዓይነት ማወቅ ለደገኛው የደኅንነት ጥቅምም አለው። ከሰል ማንደጃ ዙሪያ ተቀምጦ በሚመሽበት ቤት፣ ጫፉ የተንዘረፈፈ የአክሪሊክ ሻርፕ ፍም ላይ ቢያርፍ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ ሱፍ ግን በቀላሉ አይያያዝም። ስለዚህ በሣጥኑ ያለው ሹራብ አክሪሊክ ከሆነ፣ እንደ እውነቱ ከሆነ በልባሽ ገበያ አብዛኛው እንዲህ ነው፣ ጫፉ ከሚንጠለጠል ሻርፕ ይልቅ ዙሪያው የተዘጋ፣ በራስ በኩል የሚጠልቅ የአንገት ማሞቂያ መሥራት ይገባል።

ሹራብ

ለደብረ ብርሃን፣ ለመሐል ሜዳ፣ ለሞላሌና ለአንኮበር ነዋሪ ከሁሉም አስቀድሜ የምመክረው ሹራብን ነው። ክርኑ ቢበሳና አንገቱ ቢላላ እንኳ ወገቡና የእጅጌው ጫፍ ብዙ ጊዜ ደኅና ስለሚሆኑ፣ ከአንድ ሹራብ አንድ የአንገት ማሞቂያና አንድ ጥንድ ጓንት ይወጣል፤ የሚጠይቀው መሣሪያም መቀስ፣ መርፌና ክር ብቻ ነው።

ለአንገት ማሞቂያው ሹራቡ ከብብት በታች በአግድም ይቆረጣል። መቀሱ ከመግባቱ በፊት ግን በሚቆረጠው መስመር ዳር፣ ከሚቀረው ወገን፣ ሁለት ረድፍ ስፌት ዙሪያውን መስፋት ይገባል፤ ይህ ካልተደረገ የተቆረጡት ቀለበቶች መፈታት ይጀምራሉ። የታችኛው ጠርዝ ከፋብሪካ ተጠናቅቆ የመጣ ስለሆነ ሥራ አይፈልግም። የላይኛው ብቻ አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ታጥፎ ላላ ባለ ስፌት ይዘመዘማል፤ ክሩ ከጠበቀ ጠርዙ መለጠጥ ያቅተውና ራስ አያሳልፍም። ቁመቱ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አንገትን ሸፍኖ፣ ሲያስፈልግ እስከ አፍንጫ ሊሳብ ይችላል። ስፋቱ ለአንድ ዙር ከበዛ ጎን ያለውን ስፌት ተከትሎ ማጥበብ ወይም እንዳለ ትቶ ሁለት ጊዜ መጠምጠም ይቻላል፤ ለውርጭ ሁለተኛው ይሻላል።

ጓንቱ ትንሽ ብልሃት አለበት። እጅጌው ከጫፉ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ላይ ይቆረጥና ጠባቡ ጫፍ በጣቶች ሥር እንዲውል ተደርጎ ይለካል። ከዚያ ጫፍ 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ተብሎ፣ እጅጌውን ዳርና ዳር የሚያያይዘው የውስጥ ስፌት ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይፈታል፤ አውራ ጣት በዚህ ክፍተት ይወጣል። ቀዳዳው ጨርቅ ሳይቆረጥ የተገኘ ስለሆነ ዳሩ በቀላሉ አይተረተርም፤ ከላይና ከታች እየሰፋ እንዳይሄድ ግን ሁለቱ ጫፎቹ ሦስት አራት ጊዜ በመርፌ ተደጋግመው ይታሰራሉ። የተቆረጠው የክንድ በኩል ጠርዝ እንደ ማሞቂያው ይዘመዘማል። በማለዳ ሳንቲም ለሚቆጥር ረዳት፣ ጠመኔ ለሚይዝ መምህር፣ ስልክ ለሚነካም ለማንኛውም ሰው ጣት የሌለው ጓንት ከሙሉው ጓንት የበለጠ ይመቻል።

ሹራቡ ሱፍ ከሆነ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ሱፍ በሙቅ ውኃና በሳሙና እየታሸ ሲታጠብ በጠጉሩ ላይ ያሉት ጥቃቅን ቅርፊቶች እርስ በርስ ይጠላለፉና ጨርቁ ይጠባል፣ ይወፍራል፣ ይጠጥራል፤ ከዚያ በኋላ በመቀስ ቢቆረጥ አይተረተርም። ሳይታወቅ በሙቅ ውኃ ታጥቦ ለባለቤቱ ያነሰው ሹራብ፣ በቤተሰብ ውስጥ ጥቂት ንግግር ያስነሣ ቢሆንም፣ ለዚህ ሥራ ተመራጭ ነው። ከእንዲህ ያለው ጨርቅ ኮፍያ፣ ሙሉ ጓንት ወይም ቦት ጫማ ውስጥ የሚነጠፍ ሞቃት ንጣፍ ይቆረጣል፤ ጠርዙ ስፌት ስለማይፈልግ ጀማሪም ይወጣዋል። አክሪሊክ ግን የቱንም ያህል ቢታሽ አይጠጥርም፤ በማሽን ቢታጠብ እንዳይጠብ ተብሎ በፋብሪካ የታከመ ሱፍም እንዲሁ ነው።

ሱፍ ከተነሣ የመንዝ ባናን ማለፍ አይቻልም። ከመንዝ በግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሸመነው ባና ለብርድ ወደር ባይገኝለትም ጠጉሩ ሻካራ ነው፤ አንገት ላይ ይኮሰኩሳል። ከተቀደደ ባና ቁራጭ የትከሻ ቦርሳ ቢሠራ ያምራል፣ ይበረክታልም፤ ለአንገት የግድ ከተፈለገ ግን በጥጥ ገበር መሸፈን አለበት። ደኅና ባና ለጌጥ ብሎ መቁረጥን ግን አልደግፍም፤ በውስጡ ያለው የፈትልና የሽመና ድካም ከሚወጣው ቦርሳ ይበልጣል።

ነጠላና ጋቢ

ነጠላ ቀድሞ የሚሳሳው ከመሐሉ ነው፤ ጥለቱ ጥቅጥቅ ብሎ ስለሚሸመን ነጩ ጨርቅ ካበቃለት በኋላም ይቆያል። ስለዚህ ከአሮጌ ነጠላ ላይ የሚፈለገው በሁለቱ ጫፎች ያለው ጥለት ሲሆን፣ ለመቀነት፣ ለራስ ማሰሪያና ለቦርሳ ማንገቻ ይሆናል። ከሦስቱ መቀነቱን አስበልጣለሁ። ራስ ማሰሪያው ከላብና ከቅባት የተነሣ ቶሎ ቶሎ መታጠብ ስለሚፈልግ የጥለቱ ቀለም አይበረክትለትም፤ ማንገቻው ደግሞ ትከሻ ላይ እየተፋተገ ክሩ ይነሣል። የጥለት መቀነት ግን ብዙ ጊዜ በበዓልና በክት ልብስ ላይ ስለሚታሰር ዕድሜው ይረዝማል።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጥለቱ በጠርዙ ልክ ተጠግቶ አይቆረጥም፤ ሁለት ጣት ያህል ነጩን ጨምሮ ይነሣል። ነጩ ጨርቅ ላላ ብሎ የተሸመነ ስለሆነ መቀሱ ካለፈበት ደቂቃ ጀምሮ መተርተር ይጀምራልና ዕለቱኑ ወደ ጀርባ ታጥፎ በሰፊው መወስወስ አለበት። ከዚያ ከጀርባው ገበር ይደረግለታል። ያለ ገበር የተሠራ የጥለት መቀነት ሲታሰር እየተጠቀለለ ይቀጥንና የጥለቱ መልክ አይታይም፤ ገበሩ ከአሮጌ ጂንስ ከሆነ ግን ተዘርግቶ ይቀመጣል። የአንዱ ጫፍ ጥለት ለወገብ ዙርና ለቋጠሮ ካልበቃ የሁለተኛው ይቀጠላል፤ መጋጠሚያው በጀርባ በኩል እንዲውል አስቀድሞ መለካት ተገቢ ነው።

ከነጠላ የአንገት ሻርፕ ለመሥራት የሚያስብ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። በሐዘን ጊዜ ነጠላ ሲለበስ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገት በኩል ይደረጋል። ጥለቱ አንገት ሥር እንዲውል ተደርጎ የተሰፋ ሻርፕ በተለይ ትልልቆቹን ሰዎች «ማን ሞተባት?» ሊያሰኝ ስለሚችል፣ ጥለቱን ከሻርፑ ሁለት ጫፎች ላይ ማዋል የተሻለ ነው። ለሸዋ ሮቢት፣ ለአጣዬና ለምንጃር ሙቀት ይህ ሻርፕ ከሹራቡ ይበልጥ ተስማሚ ነው፤ ፀሐይ ይከላከላል፣ ላብ ይመጥጣል፣ ታጥቦም ቶሎ ይደርቃል።

ባለቀለም ጥለት ከመሰፋቱ በፊት ቀለም መልቀቅ አለመልቀቁ ይፈተናል። ነጭ ጨርቅ በውኃ ረጥቦ በጥለቱ ጀርባ ላይ ተጭኖ ሲታሽ ቀለም ከያዘ፣ የተሠራው ነገር ለብቻው በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ መታጠብና ሳይዘፈዘፍ ወዲያው መሰጣት ይኖርበታል።

ጋቢን በተመለከተ ብዙ አልልም። አራት ንብርብር በመሆኑ ለአንገት ይሞቃል፤ ነገር ግን ሲቆረጥ ንብርብሩ ስለሚንሸራተትና ከየአቅጣጫው ስለሚተረተር ለጀማሪ ያስቸግራል። አሮጌ ጋቢ ለሕፃን መጠቅለያነት እስከሚያገለግል ድረስ እዚያው ቢቆይ ይሻላል፤ ከዚያ የተረፈው ቁራጭ ለሹራብ አንገት ማሞቂያ የውስጥ ገበር ይሆናል።

ጂንስ

ጂንስ ለቦርሳ ተወዳዳሪ የለውም። ሽመናው ጥብቅ ነው፣ ኪሱ ተሰፍቶ የተዘጋጀ ነው፣ ቀበቶ የሚያልፍባቸው ጆሮዎችም ለማንገቻ ማሰሪያነት ይውላሉ። ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ ከጭኑ ላይ ተቆርጦ፣ የመሐል ስፌቱ ተፈትቶና ተስተካክሎ፣ ታቹ ሲዘጋ ከነኪሱ ቦርሳ ይሆናል። ለማንገቻው የሚሻለው የሱሪው የጎን ስፌት ነው፤ የእግሩን ጎን፣ ከስፌቱ ግራና ቀኝ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይዞ ከላይ እስከ ታች በመቁረጥና ዳርና ዳሩን ወደ ውስጥ በማጠፍ የማይለጠጥ ጠንካራ ማንገቻ ይገኛል።

ችግሩ መስፋቱ ላይ ነው። ስፌት በስፌት ላይ በሚደራረብበት ቦታ ጂንስ በእጅ መርፌ አይደፈርም፤ መርፌ ይሰብራል፣ ጣት ያቆስላል። ስለዚህ የቆረጡትን በስፒል ወይም በመርፌ ቁልፍ አያይዞ በረንዳ ላይ የእግር መኪና ዘርግተው ለሚሠሩ ልብስ ሰፊዎች መስጠት ብልህነት ነው፤ 16 ቁጥር መርፌ እንዲገባለት ቢነገር አይከፋም። ሌላው ጉድለቱ ክብደቱና የውኃው ነገር ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደብረ ብርሃን ላይ የረጠበ የጂንስ ቦርሳ ለመድረቅ ቀናት ሊፈጅ ስለሚችል፣ ደብተርና መጽሐፍ ለሚይዝ ተማሪ ከውስጡ የላስቲክ ገበር ያስፈልገዋል።

ቆዳ፣ ከረባትና ካናቴራ

ቆዳ ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ምርጫው ጠባብ ነው። በመጀመሪያ እውነተኛ ቆዳ መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ሰው ሠራሹ ሲያረጅ ገጹ እየተቀረፈ ከሥሩ ጨርቅ ያሳያልና ከእሱ የሚሠራ ነገር ሁሉ ልፋቱን ያባክናል። እውነተኛ ከሆነም የጃኬት ቆዳ ስስና የሚለጠጥ በመሆኑ ለወንድ ቀበቶ አይሆንም፤ ለቀበቶ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቆዳ ያስፈልጋል። ከጃኬት የሚያዋጣው የእጅ አምባር፣ የሳንቲም ቦርሳና የቁልፍ መያዣ ነው። ቀዳዳው በወስፌ ቀድሞ ይበሳል፣ መርፌው ከዚያ ይከተላል፤ ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ ከስፌቱ በፊት ሁለቱን ቁራጮች ለማያያዝ ይረዳል። ቆዳ ስለማይተረተር ጠርዙ ሥራ አይፈልግም፤ ይህ ትልቁ ጥቅሙ ነው።

ከረባት በአግድሞሽ፣ ማለትም ከድርና ማጉ አንጻር በሰያፍ ስለሚቆረጥ፣ የተሸመነ ሆኖ ሳለ በመጠኑ ይለጠጣል። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ 1 ሜትር ከ50 ገደማ በመሆኑ ምንም ሳይቆረጥ በሱሪ ወይም በቀሚስ ላይ እንደ መቀነት ሊታሰር፣ ወይም ውስጡ ያለው ወፍራም ገበር ወጥቶ ራስ ማሰሪያ ሊሆን ይችላል። ለሠርግ የተገዛና አንድ ቀን ብቻ የታሰረ ከረባት ያለበት ቤት ብዙ ነው። ሐር መሰሉ ጨርቅ በመርፌ ሲወጋ ምልክት ስለሚይዝ ስፌቱን ደጋግሞ መፍታትና መስፋት አይመከርም።

ካናቴራ ርካሹና ለልጆች ሥራ የሚስማማው ነው። ከብብት በታች ያለው አካል፣ በተለይ የጎን ስፌት የሌለው ከሆነ፣ ዙሪያውን በ3 ሳንቲ ሜትር ስፋት እየተቆረጠ ሲሳብ ጠርዙ በራሱ ይጠቀለልና ክብ ገመድ ይሆናል። እንዲህ ያሉ ሦስት ገመዶች እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው አምባር፣ ራስ ማሰሪያ ወይም ስስ መቀነት ይወጣቸዋል፤ ጉንጉኑ ርዝመት ስለሚበላ ከሚፈለገው አንድ ጊዜ ተኩል ያህል አስረዝሞ መቁረጥ ያስፈልጋል። ስፌት የለውም፣ ለቆላም ለደጋም ይሆናል፤ ብርድ ግን አይከላከልም፣ ለክት ልብስም አይመጥንም።

ለማን የትኛው?

መርፌና መቀስ ብቻ ያለው ደገኛ ሹራቡን ይያዝ፤ በአንድ ከሰዓት የሚያልቅና ነገ ጠዋት የሚለበስ ሌላ አማራጭ የለም። ከእጅ ሥራ ጋር ገና ለሚተዋወቅ ታዳጊ ካናቴራው ይበጃል። ዘወትር ዕቃ ይዞ ለሚወጣ ሰው ጂንሱ፣ ለልብስ ሰፊ የሚከፈለው ታክሎበትም፣ ከሚገዛ ቦርሳ በጥንካሬ አያንስም። በቆላው ወገን ላለ ሰው የነጠላው ሻርፕ ቀዳሚ ነው። ለበዓል የሚሆን፣ ለእናት ወይም ለእኅት የሚሰጥ ነገር ከተፈለገ ግን የጥለቱን መቀነት የሚስተካከለው የለም፤ የአያት ነጠላ ጥለት ከሆነማ ስጦታው ሌላ ክብር አለው።

መቀነቱ በእጅም ይሰፋል፤ ገበሩ ጂንስ ከሆነ ግን ዙሪያውን በመኪና ማስመታት ይመረጣል። ከገናና ከጥምቀት በፊት ባሉት ሳምንታት ልብስ ሰፊዎች በአዲስ የሐበሻ ልብስ ስለሚጨናነቁ፣ ለበዓሉ ማድረስ የፈለገ ሰው ጥለቱን አንሥቶ፣ ወስውሶና ገበሩን በልኩ ቆርጦ ኅዳር ውስጥ ቢሰጣቸው ሥራው በጥድፊያ አይበላሽበትም።